የጠቅላዩ ሳጥን

ጥቅምት 7

ይድረስ ለእትዬ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ ባለቤቴም ደህና ናት። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት አለፈው። ያዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ግን ላንቺ መዋሸት ድሮም አይሆንልኝም። በዓመት አንዴ ከምንላላካት "ደህና ነን፣ ደህና ሁኑ" የወፈረ ፖስታ ስለሆነብኝ ክፉ ወሬ መሰለኝና ፈርቼ ሁለት ቀን ሳልከፍተው ቆየሁ። ከፍቼ ባነበው የደረቀ ሲጋር እንዴት እንደሚድን ትጠይቂኛለሽ! ሳቅሁ።

የማን ሲጋር እንደሆነ አልጻፍሽልኝም፤ እኔም አልጠይቅሽም። ከእናታችን ቀብር ወዲህ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ሲጋር የሚለውን ቃል በአፌ ጠርቼው አላውቅም። ያን ቀን ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆሜ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ለአባባ ያልኩትን አንቺም አልረሳሽውም። "አንተ ነህ የገደልካት፤ አንተና ቅጠልህ!" ጭምቱ እያላችሁ ያሳደጋችሁኝ ልጅ በዕድሜዬ ጮክ ብዬ የተናገርኩት ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነው።

ለማንኛውም ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። እኔ የምሠራበት መዝገብ ቤት ከአያት ቅድመ አያት ዘመን የቆየ ወረቀት አለ። እንጀራዬ የክፍሎቹ አየር እንዳይደርቅም እንዳይረጥብም መጠበቅ ነው። ወረቀትና የትምባሆ ቅጠል የአክስት ልጆች ናቸው፤ ጠባያቸው ይመሳሰላል።

ሳትለኪ ምንም አታድርጊ። መጀመሪያ የእርጥበት መለኪያ ግዢ። መለኪያውም ይዋሻልና ፈትኚው፦ የጠርሙስ ክዳን ላይ ጨው ሙዪበት፣ ጥቂት ጠብታ ውሃ ጣል አድርጊበት፤ ጭቃ እስኪመስል እንጂ እስኪሟሟ አይደለም። ከመለኪያው ጋር በላስቲክ ከረጢት አሽገሽ አንድ ቀን ተዪው። ሰባ አምስት በመቶ ማለት አለበት። ከዚያ ባነሰው ወይም በበለጠው ልክ ሁልጊዜ ታስቢለታለሽ።

ለሲጋር የሚስማማው ከስድሳ አምስት እስከ ሰባ ነው። የደረቀውን ግን በአንድ ጊዜ ብታጠጪው ውስጡ ያብጥና የላይኛው ቅጠል ይሰነጠቃል። በሳምንት ጥቂት ጥቂት ነው። ጎረቤት የመከረችሽን የድንች ልጣጭ አውጥተሽ ጣዪው፤ ሻጋታን በግብዣ መጥራት ነው። የቧንቧ ውሃም አይሆንም፤ የተጣራ ውሃ ባትሪ የሚያድሱ ሰዎች ዘንድ ይገኛል። አደራሽን፣ አሲዱን እንዳይሰጡሽ።

ሳጥኑ ከምን የተሠራ ነው? ስንት ናቸው? ቤቱስ ዛሬም ያፈሳል?

ወንድምሽ


ኅዳር 2

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ባለቤትህስ? እኔ ደህና ነኝ፤ የስፌት መኪናዬም ደህና ናት። አባባ ደህና ነው።

መለኪያ ፍለጋ ያልረገጥኩት ሱቅ የለም። መድኃኒት ቤቱ የትኩሳት መለኪያ ሰጠኝ። ሰዓት አዳሹ "እሱን የሚያውቅ ሰው ሞቷል" አለኝ። በመጨረሻ የጫጩት መፈልፈያ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ጋ አገኘሁት።

"ስንት ነው የምታስታቅፊው?" አለኝ።

"ሃያ አራት" አልኩት።

"ለጀማሪ ጥሩ ነው" ብሎ መረቀኝ።

በጨው ፈተንኩት፤ ስድሳ ስምንት አለ። ስለዚህ ሰባት እጨምርለታለሁ። ሳጥኑ ውስጥ ስናስገባው አርባ አንድ አሳየ፤ ከነጭማሪው አርባ ስምንት መሆኑ ነው። ሳጥኑ የዝግባ ነው፤ ክዳኑ ጎብጦ አልገጥም ብሏል። ቤቱም ያው ነው፤ በክረምት ያፈሳል፣ በበጋ ይሰነጠቃል።

አንድ የቆዩ ደንበኛ አሉኝ፤ ሱሪያቸው በየወሩ እየሰፋቸው ወገቡን የምቀንስላቸው። የትምባሆ ነገር ጠንቅቀው ያውቃሉ። ደብዳቤህን አነበብኩላቸው። ስፖንጅ በተጣራ ውሃ ነክሮ ሳጥኑ ውስጥ ማስቀመጥ አይበቃም ወይ ብዬ ብጠይቃቸው ምን አሉኝ መሰለህ፦ "ስፖንጅ ሰካራም ነው። ያገኘውን ይጠጣል፣ ሲጠግብ ያስታውካል፣ በማግስቱ ደርቆ ይተኛል። ቅጠል እንግዳ ነው፤ ሲጠማው በብርጭቆ ይሰጡታል እንጂ በባልዲ አይደፉበትም።" የጨዉን ነገር ስነግራቸው ደግሞ "ይኼ ልጅ ሥራውን ያውቃል" አሉ። እኔ አይደለሁም ያልኩት፤ እሳቸው ናቸው።

ሰፈሩ እንዳለ ነው። የሲጋር ፋብሪካው ከተዘጋ ሰባት ዓመት ቢሆነውም አባባን ዛሬም "ጠቅላዩ" ይሉታል። ባለፈው ሳምንት ሕዝብ ቆጠራ ብላ የመጣች ልጅ "ይኼ የማን ቤት ነው?" ብላ ጎረቤታችንን ብትጠይቃት "የጠቅላዩ" አለቻት። ልጅቷ ጸጉሯን አስተካክላ፣ ጫማዋን ጠርጋ፣ እጅ እየነሳች ገባች። ሚኒስትር መስሏት! ሲጋር ጠቅላይ እንደሆነ ስትሰማ ከእኛ በላይ ሳቀች። አባባም ሳቀ፤ ከዚያ ሳሉ አላስቆም አለው።

ከስፖንጁ የተሻለ ዘዴ ካለ ጻፍልኝ። ደግሞስ፣ መምጣት ብትችል ማለቴ ነው፣ ትመጣለህ? ጣሪያውን እንድታይልኝ።

እህትህ


ኅዳር 21

ይድረስ ለእትዬ፣

እንደምን ከረምሽ? ስላዘገየሁ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ምን እንደምጽፍ ሳወጣ ሳወርድ ነው።

ለደንበኛሽ ንገሪያቸው፤ ስለ ስፖንጅ ያሉት ትክክል ነው። ግሊኮል የሚባል ፈሳሽ ቢቀላቀልበት ስካሩን ያበርድለታል፣ ሻጋታም ይከላከላል፤ ግን በየሳምንቱ ማን ቆሞ ይጠብቀዋል? ውሃ ጠጥተው የሚያብጡ ጥቃቅን ፍሬዎችም አሉ። እነሱ ደግሞ መስጠት እንጂ መቀበል አያውቁም፤ ለደረቅ ወር ይሆናሉ፣ ጣሪያ በሚያፈስ ቤት ግን ክረምት ሲገባ ጉድ ያፈላሉ። በኤሌክትሪክ የሚሠራም አለ፤ እሱ ለትልቅ ቁም ሣጥን ነው። ለሃያ አራት ሲጋር እሱን መግዛት ለአንዲት እንቁላል ጎተራ መሥራት ነው።

እኔ የምመርጠው በሁለት ወገን የሚሠሩትን ከረጢቶች ነው። በውስጣቸው የጨው ውሃ ታሽጎባቸዋል፤ ሳጥኑ ሲደርቅ ይሰጣሉ፣ ሲረጥብ ይወስዳሉ። ማንም ሳይነካቸው ሁለት ሦስት ወር ይቆያሉ። እዚህ አንድ ሱቅ አግኝቼ ስድስት ልኬልሻለሁ። ክዳኑ የማይገጥም ከሆነ ግን ከንቱ ድካም ነው፤ ሲጋሮቹን ክዳኑ ግጥም በሚል የፕላስቲክ ምሳ ዕቃ ውስጥ አዛውሪያቸው።

ያንን ሱቅ ስፈልግ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ምሳ ላደርስ ፋብሪካ ስሄድ አባባ ቅጠል አንሥቶ ጉንጬ ላይ ያስነካኝ ነበር። "ሰማኸው? ከቀዘቀዘህ ጠጥቷል፤ ከኮሰኮሰህ ተጠምቷል" ይለኝ ነበር። እነሱ መለኪያ አልነበራቸውም፤ በቆዳቸው ነበር የሚያውቁት። እኔ ለዚህ ሥራ ስቀጠር አለቃዬ ማን እንዳስተማረኝ ጠይቆኝ "ማንም" ብዬዋለሁ። ይህን ለምን እንደጻፍኩልሽ አላውቅም።

ስለ መምጣቱ፣ የመዝገብ ቤቱ ዓመታዊ ምርመራ ደርሶብናል። እስኪያልፍ ከዚህ ንቅንቅ ማለት አልችልም። ከዚያ በኋላ እናያለን።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 12

ይድረስ ለወንድሜ፣

ከረጢቶቹ ደርሰውናል፤ እጅህ ይባረክ። የምሳ ዕቃው ነገር ግን ጠብ አስነሣብን። "ሲጋር በምሳ ዕቃ! ወጥ አደረጋችሁት እንዴ?" ተብዬ ተገሠጽኩ። በስንት ልመና ታረቅን፤ የዝግባ ሳጥኑን እንዳለ፣ ክዳኑን ከፍተን፣ ትልቅ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ አስቀመጥነው። መለኪያው ትናንት ከነጭማሪው ስድሳ አምስት ደረሰ። አንዱን አንሥቶ ጆሮው ሥር በሁለት ጣቱ ጨመቅ አደረገው፤ አልተንኮሻኮሸም። እንደ ሕፃን ነው ያቀፈው።

ሁለት ሦስት ወር ይቆያሉ ያልከውን ሳነብለት "ይበቃል" አለ።

አጭር ስለጻፍኩ ይቅርታ፤ እጄ ሥራ በዝቶበታል። ከስፌቱ ይልቅ እጥበቱ ነው።

አንድ ነገር ልለምንህ። ለደንበኛዬ ለራሳቸው ሁለት መስመር ጻፍላቸው። ዓይናቸው ስለደከመ እኔው አነብላቸዋለሁ። ምንም ይሁን ምን፣ ስለ ሲጋሩም ቢሆን። በስማቸው የሚመጣ ደብዳቤ ደስ ይላቸዋል።

እህትህ


ታኅሣሥ 28

ይድረስ ለተከበሩ የእህቴ ደንበኛ፣

ጤና ይስጥልኝ። ሳላውቅዎት በመጻፌ ይቅር ይበሉኝ፤ እህቴ አደራ ብላኝ ነው።

እርጥበቱ ከተስተካከለ ከእንግዲህ የሚፈራው ሙቀት ነው። ከሃያ አራት ዲግሪ ካለፈ ቅጠሉ ውስጥ የተኛ የነቀዝ እንቁላል ይፈለፈላል። ሳጥኑን ከምድጃና ከመስኮት ያርቁት። አልጋ ሥር ያለው ወለል ቀዝቃዛ ስለሆነ ይሻላል። ነጭ ሻጋታ ቢያዩበት አይደንግጡ፤ በለስላሳ ብሩሽ ይጥረጉት። በእግሩ፣ በሚለኮሰው ጫፍ፣ ወደ ውስጥ ገብቶ ከሆነ ግን ያንን አንዱን ከሌሎቹ ይለዩት። ይህን ሁሉ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ ገጹ ባዶ እንዳይሆን ነው።

ሌላም ነገር ነበረኝ። እርስዎ የዚያን ሰፈር ሰው ያውቁ ይሆናል። አንድ ሲጋር ጠቅላይ ነበሩ። ባለቤታቸው በሳንባ ሕመም አርፋ፣ ቀብሯ ላይ ልጃቸው ክፉ ነገር ተናገራቸው። ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር። ሕመሙ ከልጅነቷ አብሯት የኖረ እንጂ ከቅጠሉ የመጣ አለመሆኑን ሐኪሙ አስቀድሞ ለልጁ ነግሮት ነበር። አዎ፣ ነግሮት ነበር። ልጁ እያወቀ ነው የተናገረው። ሐዘኑን የሚጥልበት ሲያጣ ቅርቡ የቆመው ሰው ላይ ጣለው። ሰውዬውም አንድ ቃል አልመለሱለትም። ቢመልሱለት፣ ቢሰድቡት፣ በጥፊ ቢሉት ኖሮ ምናልባት በማግስቱ ይታረቁ ነበር።

እኚህን ሰው ካገኟቸው "ልጅዎ ይቅርታ ይልዎታል" ይበሉልኝ። ራሴ ብነግራቸው ይሻል ነበር። ድፍረቱ ጠፋኝ።

አክባሪዎ


ጥር 30

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንደምን ገባህ? መንገዱስ እንዴት ነበር? አንተ ከተመለስክ ወዲህ ቤቱ ሰፍቶብኛል። ጎረቤቶች እየመጡ ያጫውቱኛል፤ ሲወጡ ደግሞ ወንበሮቹን ወደ ቦታቸው እመልሳለሁ።

አራት ቀን አብረኸኝ ሰንብተህ ዓይንህን እያየሁ መናገር አቃተኝ። ስትሳፈር አውቶቡሱ ደረጃ ላይ ቆመህ "እትዬ፣ ቢያንስ ቀደም ብለሽ ለምን አልጻፍሽልኝም?" ብለኸኝ ነበር። እኔ አለቀስኩ፤ አንተም ለሐዘኑ መስሎህ አቅፈኸኝ ሄድክ። እንግዲህ መልሱን እነሆ።

ለደንበኛዬ የጻፍከው ደብዳቤ ጥር 6 ደረሰ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ አነበብኩለት። ነቀዙ ላይ ስደርስ ራሱን ነቀነቀ። ቀጥሎ ያለውን ሳነብ ዓይኑን ጨፈነ። ስጨርስ "ድገሚው" አለኝ። ደገምኩለት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ "እኔም ያን ቀን አፌን መክፈት ነበረብኝ። ይምጣ በዪው፤ ልየው" አለ።

በዚያው ቀን ጻፍኩልህ። ደብዳቤውን እዚህ ውስጥ አድርጌልሃለሁ፤ አራት መስመር ነው። "ወንድሜ፣ ደንበኛው አባባ ነው። ሐኪሙ ከጥር አያልፍም ብሏል። ይምጣ ይላል። ቶሎ ና።" ቀኑን ተመልከተው። ጥር 6 ይላል።

አልላክሁትም።

ፖስታ ቤቱ በር ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ለምን እንደሆነ ልንገርህ፤ ከእንግዲህ የምደብቀው የለኝም። አሥራ አንድ ዓመት ያበላሁት፣ ያጠብኩት፣ ደግፌ ፀሐይ ያስሞቅሁት እኔ ነኝ። በደጃችን ያለፈ ዕጣ ነበረኝ፤ ሰውዬው ሁለት ዓመት ጠብቆኝ ሌላ አገባ። ከአባባ አፍ አንድ ቀን "እሰይ ልጄ" የሚል ሰምቼ አላውቅም። አንተ ስለ ነቀዝ አንድ ገጽ ጻፍክና "ድገሚው" ተባለልህ። ቂም ያዝኩ። ይኼው ነው። ነገ እልከዋለሁ አልኩ፤ አንዱ ነገ ሌላ ነገ ወለደ። በየጧቱ "ደርሶት ይሆን?" ይለኛል። "መንገድ ላይ ነው፣ አባባ" እለዋለሁ። ደብዳቤው ስፌት መኪናዬ መሳቢያ ውስጥ፣ ከአዝራሮቹ ጋር ነበር። ስልክም ነበር እኮ፤ ጎረቤት ቤት ገብቼ ብደውል በሁለት ቀን ትደርስ ነበር። የደወልኩት ጥር 19፣ ካለቀ በኋላ ነው። አንተ ስትደርስ የመቃብሩ አፈር ገና እርጥብ ነበር።

አንድ ውሸትም ዋሽቼሃለሁ። "ለዚህ ሳጥን እንዲህ ይሳሳ የነበረው ለምንድን ነው?" ብለህ ስትጠይቀኝ አላውቅም ብዬህ ነበር። አውቃለሁ። ፋብሪካው ሲዘጋ በድርሻው የደረሰውን ቅጠል ቤት አምጥቶ፣ አንተ ልታገባ መሆኑን ወደ እናንተ ከተማ ከሚመላለሰው የአውቶቡስ ሾፌር ሰምቶ፣ ለሠርግህ እንግዶች ነበር የጠቀለላቸው። እጁ ያኔም ይንቀጠቀጥ ስለነበር ሃያ አራቱ ሁለት ወር ፈጁበት። ሲጨርስ ሾፌሩ ሠርጉ ካለፈ ወር እንደሆነው ነገረው። ሳጥኑን ቁም ሣጥኑ ላይ ሰቀለው፤ ከዚያ ወዲህ ቅጠል በእጁ አልነካም። ባለፈው መስከረም አውርዶ ሲከፍተው እንደ ገለባ ደርቀዋል። "ለጭምቱ ጻፊለት፤ እሱ የአየር ነገር ያውቃል። የኔ ናቸው እንዳትዪው ብቻ" አለኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቀዋለህ።

ይቅር በለኝ አልልህም፤ ምን ፊት አለኝ? ብቻ ሰው ሳይነግርህ ከእኔ ስማው።

እህትህ


የካቲት 14

ይድረስ ለእትዬ፣

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ አምስት ቀን ሆነ። ሦስቱን ቀን ተናድጄብሽ ዋልኩ፤ አልዋሽሽም። አንድ ጊዜ "ከእንግዲህ እህት የለኝም" ብዬ ጮህኩ፤ ባለቤቴ "ይኼን ነገር ከዚህ በፊት ብለኸው ምን አተረፍክ?" አለችኝ። ከዚያ ቁጭ አልኩ።

አሁን ደግሞ አንቺ የኔን ስሚ።

ደንበኛሽ አባባ መሆኑን ከሁለተኛው ደብዳቤ ጀምሮ አውቄ ነበር። ስፖንጅን ሰካራም የሚል ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው። በታኅሣሡ ደብዳቤሽ "አሉ" ስትዪ የከረምሽው ሴት "አለ" ብለሽ ስትጽፊ ጨርሶ ጥርጣሬ አልቀረኝም። ሱሪው በየወሩ እንደሚሰፋው ነግረሽኛል። ሳሉ አላስቆም እንዳለው ነግረሽኛል። ሁለት ሦስት ወር "ይበቃል" ማለቱንም ነግረሽኛል። እትዬ፣ እኔ ከግድግዳ ላይ የአየሩን ጠባይ አንብቤ የማድር ሰው ነኝ፤ ይህን ማንበብ ያቅተኛል? ገብቶኝ ነበር። ታሟል ወይ ብዬ ያልጠየቅሁሽ፣ ታሟል ካልሽኝ መምጣት ስላለብኝ ነው። መጥቼ በምን ዓይን እንደሚያየኝ ፈርቼ ነው። በደብዳቤ ስለ ጨውና ስለ ውሃ ማውራት ተመቸኝ፤ አባት ያለኝ ያህል ሆነልኝ።

ምርመራ የሚባል ነገርም አልነበረም። ያለፈው በነሐሴ ነበር። ለራሴ ሰበብ ስፈልግ ያገኘሁት ነው።

ደብዳቤውን በጊዜው ብትልኪው ኖሮ እመጣ ነበር ብዬ ልምል ብዕር አንሥቼ ነበር። አልማልኩም። ምናልባት እመጣ ነበር። ምናልባት ደግሞ ሌላ ስድስት ከረጢት ገዝቼ እልክ ነበር። ይህን ማወቅ የምችልበት መንገድ የለም፤ አንቺም ልታውቂው አትችዪም። አንቺ ደብዳቤ አሥራ ሦስት ቀን መሳቢያ ውስጥ ደብቀሻል፤ እኔ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ራሴን ደብቄያለሁ። "ድገሚው" ያለው እኔን ስለሚወደኝ ብቻ አይደለም፤ የሚያነብለት ሰው አጠገቡ ስላለ ነው። እኔን አንድ ጊዜ ሊያየኝ ፈለገ፤ አንቺን በየቀኑ ያይ ነበር። እሰይ ሳይልሽ መሞቱን ግን ላስተባብለው አልችልም። ሊልሽ ይገባ ነበር። እኔም ልልሽ ይገባኝ ነበር።

ባለፈው እሑድ ሾፌሩን መናኸሪያ አገኘሁት፤ አሁን ሸምግሏል። ስለ ሲጋሮቹ ጠየቅሁት። "ለሠርጉ የሚሆን ሙሉ ልብስ ሁሉ ሊያሰፋ ነበር እኮ። ያለፈበት መሆኑን ከምነግረው ዝም ብል ይሻለኝ ነበር" አለኝ። መንገድ ላይ ቆመን ሁለታችንም አለቀስን፤ ሰው እያየን።

እዚያ ሳለሁ ሲጋሮቹን ምን እናድርጋቸው ላልሽኝ፣ አብረውት ከጠቀለሉት ሰዎች ያሉትን ፈልጊልኝ፤ አምስት ይሁኑ ስድስት። ቤት እንጥራቸውና ያጭሷቸው። ለዚያ ነው የተሠሩት። እኔ ባላጨስም አብሬያቸው እቀመጣለሁ፤ ባለቤቴም ትመጣለች፤ እንድታውቂያት። ከዚያ በኋላ እኛ ዘንድ መጥተሽ የፈለግሽውን ያህል ትቆያለሽ፤ ወይም እኔ እየተመላለስኩ ያንን ጣሪያ እሠራዋለሁ። የትኛው እንደሚሻልሽ አንቺ ንገሪኝ። አንድ ሰው አንድ ጊዜ እንኳን አንቺ ምን ትፈልጊያለሽ ብሎ ይጠይቅሽ።

በየካቲት መጨረሻ ቅዳሜ በጧቱ አውቶቡስ እመጣለሁ። መናኸሪያው ድረስ ውጪልኝ። ተናድደሽብኝ ከሆነም ተናድደሽ ጠብቂኝ፤ ብቻ ጠብቂኝ።

ወንድምሽ